ጾሜ ለማን ነበር?



ይህን ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ሙሉ አመነታሁ። የማወራው ስለ ሆዴ ነውና ትንሽ ያሳፍራል። የሆድ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ እቀመጥ ነበር። ነገር ግን ጉዳዩ ኒያዬን ነካ፤ ከኔም አልፎ የሰው ልጅ ላይ ደረሰ። «ኡስታዝ፣ ጾም ያከሳል ወይ?» ብላችሁ በውስጥ መስመር ስትጠይቁኝ ከመሸሽ፣ የደረሰብኝን እንዳለ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው የዛሬ ሁለት ዓመት ረመዷን ላይ ነው። ኢማማችን አሟቸው ስለነበር ተራዊሑን እኔ አሰግድ ነበር። አንድ ሌሊት ከሱጁድ ልነሳ ስል ጉልበቴ እምቢ አለኝ። እንደ ሽማግሌ ሁለት እጄን መሬት ላይ ተክዬ ተነሳሁ። ፋቲሓን ስጀምር ደግሞ ትንፋሼ ተቆራረጠ። ሰባት አንቀጽ ያላትን ሱራ አሥራ አራት ቦታ ላይ እየቆምኩ ጨረስኳት። ማይኩ ትንፋሼን ለሰፈሩ ሁሉ ያሰማል። ስናሰላምት አንድ የመስጂዳችን አባት ጠጋ ብለው «ኡስታዝ፣ የሚያፏጨው ማይኩ ነው ወይስ እርስዎ ነዎት?» አሉኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ቤት ስገባ ግን አልሳቅኩም።

በደረሳነቴ እንዲህ አልነበርኩም። ወሎ ውስጥ ቂርኣት የቀራ ሰው ያውቀዋል፤ ደረሳ የሚበላው የሀገሬው ሰው የሰጠውን ነው። ንፍሮ፣ ቂጣ፣ አንዳንዴ ጎመን። ሥጋ የምናየው ለዒድ ነው። ደሴ ገብቼ መስጂድ ውስጥ ማገልገል ከጀመርኩ በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። የኢማም ረዳት መሆን ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ልንገረው፤ መጠራት ማለት ነው። ኒካህ አለ፣ ዐቂቃ አለ፣ ሰደቃ አለ፣ የሐጅ መሸኛ አለ፣ የሐጅ መልስ አለ፣ አዲስ ቤት የገባ ሰውም ዱዓ ያስደርጋል። በየሄድኩበት «ለኡስታዝ ጨምሩለት» ይባላል። ጮማው እየተመረጠ ወደኔ ይገፋል። እምቢ ካልኩ «ንቆን ነው» ይመጣል። ወደ ቤት የምመለሰው ደግሞ በባጃጅ ነው።

ከዒድ በኋላ በማግስቱ መናኸሪያ አካባቢ ሚዛን መሬት ላይ ዘርግተው ከሚቀመጡት ልጆች አንዱ ጋ ቆምኩ። ጀለቢያዬን ሰብስቤ ስወጣበት ሚዛኑ ተንቀጠቀጠ። 98 ኪሎ። ቁመቴ አንድ ሜትር ከሰባ ነው። ልጁ ፊቴን አይቶ «ሸኼ አይፍሩ፣ ሚዛኑ እስከ 120 ይችላል» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው መሰለኝ።

ያን ቀን ወሰንኩ። መክሳት አለብኝ አልኩ። እንዴት? ባለመብላት ነዋ! ሌላ መንገድ መኖሩን አላውቅም ነበር። እኔ ዘንድ ደግሞ ላለመብላት የተዘጋጀ የተከበረ በር አለ፤ ጾም። የሸዋልን ስድስት ቀን ጀመርኩ። ይህ መልካም ነው፤ ሱና ነው። ከዚያ ሰኞና ሐሙስን ጨመርኩ። ከዚያ የወሩን 13ኛ፣ 14ኛና 15ኛ ቀን። ከዚያ ማቆም አቃተኝ፤ ከጁምዓ በስተቀር በየቀኑ ሆነ። ሱሁርን ሆን ብዬ ተውኩት። ሱሁር ውስጥ በረካ እንዳለ ልጆችን የማስተምር ሰው ነኝ እኮ! መግሪብ ላይ ሦስት ተምር በውሃ አወራርድና ዒሻን ሰግጄ እተኛለሁ። ባለቤቴ ያቀረበችው ማዕድ እዚያው ይቀዘቅዛል።

መስጂድ ውስጥ ያለው ሰው ይህን አየ። «ኡስታዝ ዙህድ ገቡ» ተባለ። አንድ ሰው ዱዓ አድርጉልኝ ብሎ እጄን ሳመኝ። ወላሂ ደስ አለኝ። አሁን ሳስበው የሚያቃጥለኝ ረሃቡ አይደለም፤ ያ ደስታ ነው። በየሳምንቱ ሚዛን ላይ የምወጣውን ሰው፣ ቀበቶው ስንት ቀዳዳ እንደገባ የሚቆጥረውን ሰው፣ «ዓቢድ ነው» ሲሉት ዝም ማለት ምን ይባላል? ስራዎች የሚለኩት በኒያ እንደሆነ ዑመር (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ሐዲስ የቡኻሪ መጀመሪያ ነው፤ እኔም ለጀማሪ ልጆች መጀመሪያ የማስተምረው እሱኑ ነው።

ረሃቡ ራሱ ምን እንዳደረገኝ ልንገራችሁ። ሌሊት ስልኬን ከፍቼ የምግብ አሠራር ቪዲዮ አያለሁ። ቁርኣን ልቀራ የከፈትኩት ስልክ ላይ የቱርክ ኬባብ ሲጠበስ አንድ ሰዓት አየሁ። ሱጁድ ላይ ሆኜ ሳምቡሳ አስባለሁ። መድረሳ ውስጥ ሕፃናት ላይ እጮሃለሁ። ባለቤቴ የጠየቀችኝን ሁሉ በቁጣ እመልሳለሁ። ኢማኔ የደከመ መስሎኝ አለቀስኩ። በኋላ ግን አንድ ነገር አነበብኩ። በ1944 እና በ1945 አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንሰል ኪስ የተባለ ተመራማሪ በ36 ፈቃደኛ ወጣት ወንዶች ላይ የረሃብ ጥናት አድርጎ ነበር። ለ24 ሳምንት ግማሽ ያህል ምግብ ሰጣቸው። ጤነኛ የነበሩት ወጣቶች ነጭናጫና ድብርታም ሆኑ፤ ምግብ ብቻ ያወሩ ጀመር፤ አንዳንዶቹ የወጥ አሠራር መጽሐፍ ይሰበስቡ ነበር። ምግቡ ሲለቀቅላቸውም ሆዳቸው እየሞላ ጥጋብ አይሰማቸውም ነበር። ይህን ሳነብ የራሴን ሌሊት ያየሁ መሰለኝ። የተራበ ሰውነት የሚያደርገውን ነው ያደረገው።

በሰባት ሳምንት 7 ኪሎ ቀነስኩ። 91 ገባሁ። ልክ በዚያው ሳምንት ነው ነገሩ የደረሰው።

ከደረሶቻችን አንዱ የ17 ዓመት ልጅ ነው። ከገጠር የመጣ፣ ቀጭን፣ ጭምት። ከኔ ኋላ ኋላ ይላል፤ አለባበሴን ሳይቀር ይቀዳል። አንድ ቀን ለሱብሒ ዉዱእ ሲያደርግ ቧንቧው ሥር ወደቀ። ግንባሩ ተሰነጠቀ። በባጃጅ ጭነን ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ግሉኮስ ተሰቀለለት። ነርሷ «መቼ ነው የበላኸው?» ስትለው ሁለት ቀን ሊሆነው ነው። «ለምን?» አለችው። ዓይኑን ወደኔ አዞረና «ኡስታዜ እንደሚጾሙት እየጾምኩ ነው» አላት። ሱሁር እንደማልበላ ያውቃል። ራት እንደማልበላም ያውቃል። ልጁ የሚቀንሰው አንድ ኪሎ እንኳን የለውም።

በማግስቱ እናቱ ከገጠር ደረሱ። ይቆጡኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ሴትዮዋ ግን ነጠላቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄን ዒባዳ ያስለመዱልኝ፣ አላህ ጀነቱን ይስጥዎት» ብለው መረቁኝ። አሚን ማለት አቃተኝ። አፌ ደረቀ።

ያን ዕለት ከዒሻ በኋላ ያቀራኝ ሸይኽ ጋ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሚዛኑን፣ ቀበቶውን፣ የኬባቡን ቪዲዮ ሳይቀር። ሸይኻችን ቶሎ አይናገሩም። ተስቢሓቸውን ጨረሱና «አንተ ልጅ፣ ጾምህ ለማን ነበር?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። «ጾሞ መክሳት ነውር የለውም» አሉ። «ለአላህ ብሎ የጾመ ሰው ሰውነቱም ቢጠቀም ትርፉ ነው። ለሆዱ ብሎ የተራበና ሰው ጾም ነው ሲለው ዝም ያለ ግን ምን አተረፈ?» ከዚያ የሰልማንንና የአቡ ደርዳእን ታሪክ አስታወሱኝ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወንድማማች ያደረጓቸው ሁለት ሰሓቦች ናቸው። ሰልማን ወንድሙን ሊጠይቅ ሲሄድ ቤቱም ሚስቱም ተረስተው አገኘ። አቡ ደርዳእ ምግብ አቅርቦ «እኔ ጾመኛ ነኝ» ሲለው ሰልማን አንተ ካልበላህ አልበላም ብሎ አስፈታው። ጌታህም፣ ነፍስህም፣ ቤተሰብህም መብት አላቸው፤ ለሁሉም መብቱን ስጥ ብሎ መከረው። ነገሩ ረሱል ዘንድ ሲደርስ ሰልማን እውነት ተናገረ አሉ። ቡኻሪ ውስጥ ያለ ነው። ቀንን ከሌሊት አያይዞ ሳያፈጥሩ መጾምም፣ ዊሷል የሚባለው፣ ለእኛ የተከለከለ ነው።

ስነሳ ሸይኻችን እንዲህ አሉኝ፦ «መጀመሪያ ለልጆቹ እውነቱን ንገራቸው። ከዚያ ሂድና ብላ። ግን እንዴት እንደሚበላ ተማር።»

ለደረሶቹ ነገርኳቸው። ስለሱ ብዙ አልጽፍም፤ የከበደኝ ሁለት ደቂቃ ነው። ሁለተኛው ትዕዛዝ ነው ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ። ምክንያቱም መጀመሪያ የበላሁት እንደ እብድ ነው። ዐረፋ ደርሶ ነበርና በግ፣ ጥብስ፣ ዱለት፣ ሳምቡሳ፣ ማንጎ ጁስ በስኳር። ሙሐረም ሲገባ ያ የሚዛን ልጅ ጋ ስሄድ 100 ኪሎ። ከተነሳሁበትም በላይ! በሰባት ሳምንት ረሃብ የወረደው ኪሎ ጓደኞቹን ይዞ ተመለሰ።

ያቺ ነርስ ጋ ግፊቴን ልለካ ተመልሼ ሄድኩ። ልጁንም ጠየቀችኝ። ከዚያ «ኡስታዝ፣ ምግብ አይቀንሱ፤ ምግቡ ውስጥ ያለውን ጉልበት ነው የሚቀንሱት» አለችኝ። ያኔ አልገባኝም። ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። አንድ ግራም ዘይት 9 ካሎሪ ያህል አለው። አንድ ግራም ስኳር፣ ዱቄት ወይም ፕሮቲን 4 ብቻ። ውሃ ደግሞ ምንም የለውም። ዋናው ነገር ይኸው ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል ነው። አንድ ኪሎ ጥቅል ጎመን ደግሞ 250 ያህል። ማለትም ሁለት ማንኪያ ዘይትና አንድ ኪሎ ጎመን ሊተካከሉ ምንም አልቀራቸውም። አንድ ኪሎ ጎመን በልታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሞክሬያለሁ፤ አያልቅም። ዘይቱ ግን ወጡ ውስጥ ገብቶ ሳይታይ ያልፋል።

ከዚያ ቤቴን መቁጠር ጀመርኩ። ሻይ ላይ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር እጨምራለሁ፤ በቀን አምስት ብርጭቆ እጠጣለሁ። ሃያ ማንኪያ ማለት ነው። አንዱ ማንኪያ 16 ካሎሪ ያህል ስለሆነ 320 ይመጣል። ባለቤቴ ለአራታችን በምትሠራው ወጥ ላይ በዓይኗ የምትጨምረውን ዘይት አንድ ቀን በብርጭቆ ለካነው፤ ግማሽ ብርጭቆ፣ ከ800 ካሎሪ በላይ። ስንካፈለው ለያንዳንዳችን 200 ነው፤ ያውም በአንድ ማዕድ። እንጀራውን ገና አልቆጠርነውም። እኔ ሰባት ሳምንት የተራብኩት ስኳርና ዘይት ለማይበልጥ ነገር ነበር።

ለባለቤቴ ዘይቱን እንቀንስ ስላት «ዘይት የሌለው ወጥ የበሽተኛ ነው» አለችኝ። ልክ ናት፤ ጣዕሙ ዘይት ላይ ነው የለመድነው። ግን መልሱን ራሷ ታውቀው ነበር። ድሮ እናቶቻችን ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት ነው የሚያቁላሉት፤ ጠብ ጠብ እያደረጉ ውሃ ይጨምራሉ፣ ሽንኩርቱ ሟምቶ ቡናማ እስኪሆን ይታገሳሉ። ዘይቱ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ዘይቱን ቀድመን የምናፈሰው ስለምንቸኩል ነው። አሁን እሷ እንደዚያ ታቁላላለች፤ በመጨረሻ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት በልክ ትጨምራለች። በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ጥቁር አዝሙዱ እንደ በፊቱ ነው። በሦስተኛው ሳምንት እንግዳ መጥቶ በላ፤ ልዩነት አለው አላለም።

ሥጋ አልተውኩም። ቅቅል ሲሠራ መረቁ ይደርና ጠዋት ላዩ ላይ የረጋው ስብ ይነሳል። ከሐይቅ የሚመጣ ዓሣ ስናገኝ በቲማቲምና በቃሪያ በውሃ እናበስለዋለን። አይብን ደግሞ ብዙ ሰው ያወፍራል ብሎ ይፈራዋል፤ አይብ የሚሠራው ቅቤው ወጥቶ ከቀረው አሬራ ነው፤ ስቡ ትንሽ ነው፣ ፕሮቲኑ ግን አለ። ጎመን በአይብ ምሳዬ ነው። ከታች ሁለት እንጀራ ይነጠፍ የነበረበት ግማሽ ይነጠፋል፤ ከላዩ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ምስር ይከመራል። ትሪው ሙሉ ነው። ዓይንም መጥገብ አለበት እኮ።

ቁርሴ የደረሳነቴ ንፍሮ ሆነ። ይህን ስጽፍ ራሴን እስቃለሁ። ከድህነቴ ጋር ትቼው የመጣሁትን ምግብ ሰኞ ገበያ ሄጄ በገንዘቤ ገዛሁት። ንፍሮና ቆሎን እዩ። ሽምብራው ያው ሽምብራ ነው። 100 ግራም ደረቁ ከ360 ካሎሪ በላይ አለው፤ ተቀቅሎ ውሃ ሲጠጣ ግን ያው 100 ግራም 164 ብቻ ነው። አንድ ሳህን ንፍሮ አኝካችሁ ለመጨረስ ጊዜ ይወስዳል፤ ቆሎ ግን ቡና ላይ አቦል ቶና በረካ እስኪባል እፍኝ በእፍኝ ያልቃል፣ ማንም አይቆጥረውም።

ድንችም ስሙ በከንቱ ጠፍቷል። በ1995 አውስትራሊያ፣ ሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሱዛና ሆልት የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር 38 ዓይነት ምግቦችን አወዳድራ ነበር። ለሰዎች ከያንዳንዱ ምግብ እኩል 240 ካሎሪ እየሰጠች ለሁለት ሰዓት የጥጋባቸውን ደረጃ ጠየቀቻቸው። ነጭ ዳቦ 100 ቢባል የተቀቀለ ድንች 323 መጣ፤ ከሁሉም በላይ። ቅቤ የበዛበት ክሯሳን 47። ችግሩ ድንቹ አልነበረም ማለት ነው፤ የምንጠብስበት ዘይት ነበር። አሁን ድንች ቅቅል በሎሚና በሚጥሚጣ ሲርበኝ የምይዘው ነው።

ለራት ሾርባ ነው። የገብስ ቅንጨ፣ ዱባ፣ ካሮት፣ ትንሽ ምስር፣ ቆስጣ፣ ብዙ ውሃ። ትልቅ ሳህን ሙሉ፣ ከፈለግኩም ደግሜ። ባርባራ ሮልስ የምትባል የአሜሪካ ተመራማሪ ያረጋገጠችው ነገር አለ፤ ውሃ ከምግቡ ጎን በብርጭቆ ሲጠጣና ያው ውሃ ከምግቡ ጋር ተቀቅሎ ሾርባ ሲሆን እኩል አያጠግቡም። ሾርባው ይበልጣል። ያን የበላ ሰው በሚቀጥለው ማዕድ ላይ ያነሰ ይበላል።

ሸይኻችን እንዴት እንደሚበላ ተማር ሲሉኝ ሌላም ነገር አስበው ነበር መሰለኝ። የምግብ ምዕራፎችን ከሐዲስ ኪታቦች እንደገና ከፈትኩ። አነስ (ረ.ዐ) ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ተጋብዘው የገብስ ዳቦና ዱባ ያለበት መረቅ ሲቀርብ ዱባውን ከሳህኑ ዙሪያ እየፈለጉ ሲበሉ አየሁ ይላሉ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም ዱባ እወዳለሁ ይላሉ። ዐረብኛው «ዱባእ» ነው፤ ቃሉ እንኳን ከኛው ጋር አንድ ነው! ዓኢሻ (ረ.ዐ) ሐዘን ለደረሰበት ቤተሰብ ተልቢና ታሠራ ነበር፤ የገብስ ዱቄት ሾርባ ነው፣ ከኛ አጥሚት ብዙ አይርቅም። ስትቀቅሉ መረቁን አብዙና ለጎረቤት አካፍሉ የሚልም ሙስሊም ዘግበዋል። እዚህ ላይ ግን ልጠንቀቅ። ይህ ሐዲስ ስለ ጎረቤት ሐቅ ነው እንጂ ስለ ክብደት አይደለም። ሐዲስን ሁሉ የዳየት መመሪያ የሚያደርጉ ሰዎች ያስፈሩኛል፤ እኔም አንዴ ጾምን እንደዚያ አድርጌዋለሁና። በቀጥታ ስለ ሆድ የመጣው ቲርሚዚ የዘገቡት የሚቅዳም ሐዲስ ነው፤ ሰው ከሆዱ የከፋ ዕቃ እንደማይሞላ፣ ግድ ከሆነም ሲሶው ለምግብ፣ ሲሶው ለመጠጥ፣ ሲሶው ለትንፋሽ እንዲሆን። ለትንፋሽ የሚለውን ከዚያ ተራዊሕ በኋላ ሳነበው ሌላ ሆኖ ነው የታየኝ።

እህቶቼ፣ ለእናንተ አንድ ነገር። ከሠርግ በፊት በሁለት ሳምንት አሥር ኪሎ እቀንሳለሁ ብላችሁ ውሃና ሎሚ ብቻ የምትይዙ አላችሁ። ባለቤቴ ስትነግረኝ ደነገጥኩ። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከረሱል ጋር በሩጫ ተሽቀዳድማ እንደቀደመች፣ ከጊዜ በኋላ ሥጋ ለብሳ ሲሽቀዳደሙ ደግሞ እሳቸው እንደቀደሙና ይህች በዚያችኛዋ ብለው እንደቀለዱ አቡ ዳውድ ዘግበዋል። መወፈሯን የተናገረችው ራሷ ናት፤ ሳታፍር። ወንድሞች ደግሞ ረሃቡን በጫት የምታጠፉ አላችሁ። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እውነት ነው። ከዚያ ግን ለስላሳው፣ ስኳር የበዛበት ሻይና የለውዙ ከረጢት ይከተላል፤ እንቅልፍም የለም። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የምታጠባ፣ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ደግሞ ከሐኪሙ ሳይመካከር አመጋገቡን አይቀይር።

ግብዣውን ምን አደረግከው ትሉኝ ይሆናል። እሄዳለሁ። ግብዣን ማክበር ግዴታችን ነው፤ ከቀረቡ በኋላ ግን የፈለገ እንደሚበላ፣ ያልፈለገ እንደሚተው ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ አለ። ከቤት ሾርባ ጠጥቼ ነው የምወጣው፤ የተራበ ሰው ወሊማ ላይ ዓይኑን አይገዛም። ስቀመጥ ሰላጣውና ጎመኑ ጋ ነው። ጮማው ሲገፋልኝ ከአጠገቤ ላለው ልጅ አጎርሳለሁ፤ ጉርሻ እምቢ የሚል የለም፣ ጋባዡም ደስ ይለዋል። ሁልጊዜ አይሳካም። አንድ የሐጅ መልስ ላይ የተበላው ተበልቶ ሌሊቱን ሙሉ ሆዴን ይዤ ተቀምጫለሁ። በማግስቱ ግን ልቅጣው ብዬ አልተራብኩም። ንፍሮዬን በላሁ።

ሻዩን በወር በወር ነው የቀነስኩት፤ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አሁን ግማሽ ማንኪያ ላይ ቆሟል፤ ከዚያ በታች ቀረፋና ቅርንፉድ ቢገባበትም አልሆነልኝም። ከመስጂድ ቤት በእግሬ ነው የምሄደው፤ የደሴን ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል። በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ከ100 ኪሎ 84 ገባሁ። በወር አንድ ኪሎ ተኩል እንደማለት ነው። ያ ልጅ አሁንም ሚዛኑን ይዞ እዚያው ነው። ቀስ ብሎ ስለወረደ ማንም አላየውም፤ ማንም እጄን አልሳመኝም። በመካከል የመጣውን ረመዷን ያሰገድኩት ኢማማችን በደከሙባቸው ሌሊቶች ብቻ ነበር፤ ፋቲሓን ስቀራ የቆምኩት በየአንቀጹ መጨረሻ ነው።

ጾም አልተውኩም። ሰኞና ሐሙስን እይዛለሁ፤ ግን ሱሁር በልቼ ነው፤ ሚዛን ላይም በጾሜ ቀን አልወጣም፤ ይህን ለራሴ ከለከልኩ። ባለፈው ሐሙስ ያ ደረሳ፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው፣ ከሱብሒ በፊት ቤቴ መጣ። ባለቤቴ የገብስ ሾርባውን በዱባ ሠርታ አቆይታለች። ፊት ለፊቴ ተቀመጠና ሳህኑን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። «ኡስታዝ፣ ሁሉንም ነው የሚበሉት?» አለ። «ሁሉንም» አልኩት። ቢስሚላህ ብሎ ጀመረ። ሲጨርስ ሳህኑን ትንሽ ወደኔ ገፋ አደረገና ዝም አለ። ጨመርኩለት። አዛን ሳይል ጨረሰው።